ይረታል ወይስ ይረታል? የሙግትን ውጤት ማንን ብንጠይቅ ይሻላል

«ይረታል» የሚለውን ቃል ሁለቴ አንብቡት። አንዴ አላልታችሁ፣ አንዴ አጥብቃችሁ። ሲላላ ያሸነፈ ነው፤ ሲጠብቅ የተሸነፈ። ወረቀት ላይ ግን ፊደሉ ያው ነው።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቢሮ መጡ። የምሠራው ጎንደር ውስጥ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ የጠበቃ ቢሮ ነው። ጠበቃ አይደለሁም። ክስ እተይባለሁ፣ መዝገብ አደራጃለሁ፣ ቀጠሮ እከታተላለሁ። እትዬ ነጠላቸው በዝናብ ርሷል። ከጉያቸው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ልጄ፣ ታሸንፊያለሽ ብሎኛል።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«ስልኩ።»

የልጅ ልጃቸው አንዱን የታወቀ ቻትቦት ጠይቃላቸዋለች። እትዬ ለእህታቸው ልጅ ባጃጅ መግዣ 180 ሺህ ብር በእጅ አበድረዋል። ሦስት ሰው አይቷል። ወረቀት የለም። ልጁ አልከፍልም ብሏል። ስልኩ ላይ «ሦስት ምስክሮች ስላሉዎት የማሸነፍ ዕድልዎ 80 በመቶ ገደማ ነው» ይላል።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2472 ግን ሌላ ነው የሚለው። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት ፊት በሚሰጥ እምነት (አዎ ተበድሬያለሁ ብሎ በማመን) ወይም መሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም። ሕጉ የወጣው በ1952 ነው። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ታውቃላችሁ፤ ቁጥሩ ግን እዚያው አለ። ሦስቱ ምስክሮች፣ ስልኩ የተማመነባቸው፣ ለብድሩ ማስረጃ አይሆኑም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ይዞ የሚመጣው ባለጉዳይ በዛ። ጠበቆችም «የትኛውን እንጠቀም?» እያሉ ይጠያየቃሉ። ስለዚህ ያሉትን መንገዶች ጎን ለጎን ላስቀምጥ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከማሽን ጋር ብቻ ማወዳደር አያዋጣም፤ እውነተኛው ተፎካካሪው ጠበቃው፣ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች የታተሙበት ቅጽና ሽማግሌው ነው።

መጀመሪያ መመዘኛው

አምስት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ምክንያቱን ይናገራል? ድሮ በአገራችን ሌባሻ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና እየተንገዳገደ ሰፈር ውስጥ ይለቀቃል። ልጁ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። ለምን እሱ? መልስ የለም። ልጁ ወደቀ፣ አለቀ። ምክንያቱን የማይናገር ትንበያ፣ በኮምፒውተርም ይምጣ፣ ከሌባሻ ብዙ አይርቅም። ይግባኝ የሚባለውም ምክንያት ላይ ነው፤ መቶኛ ላይ ይግባኝ አይባልም።

ሁለተኛ፣ ሲሳሳት የሚጠየቅ አለ? አባቶቻችን «በላ ልበልሃ» ብለው ሲሟገቱ በማር፣ በፈረስ ይወራረዱ ነበር። እረታለሁ ያለ ሰው ካልሆነለት ይከፍላል። ቻትቦት ማር አያስይዝም።

ሦስተኛ፣ የትኛውን ሕግ ያውቃል? እዚህ ጎንደር የገጠር መሬት ጉዳይ በክልሉ አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ የቤተሰብ ጉዳይ በክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው የሚታየው። ከኬንያ ወይም ከካሊፎርኒያ የተማረ መሣሪያ ይህን ካላወቀ ዋጋ የለውም። አዲስ አበባን ብቻ የሚያውቅም እንደዚያው።

አራተኛ፣ ምስጢር። የትዳር ጠብ፣ የኤች አይ ቪ ምርመራ፣ የባንክ ሒሳብ ወዴት ይሄዳል?

አምስተኛ፣ ወጪ። ብር ብቻ አይደለም፤ ጊዜና ኔትወርክም ጭምር ነው። ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ ሲጠፋ ምን እንደሆንን አንረሳም። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋ አማካሪ አማካሪ አይደለም።

ልምድ ያለው ጠበቃ

ጠበቃ ከወረቀት ውጭ ያለውን ያውቃል። የትኛው ምስክር ችሎት ሲቆም እንደሚንተባተብ፣ ተከሳሹ ቢፈረድበት እንኳ የሚሸጥ ንብረት እንዳለው፣ አፈጻጸም ላይ ምን እንደሚያጋጥም። ፍርድ ማግኘትና ብር ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት የሚነግራችሁ ሰው ነው።

ግን ጠበቃም ይሳሳታል። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የሕግ ሊቃውንትና አንድ ቀላል የስታቲስቲክስ ሞዴል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የአንድ ዓመት ውሳኔዎች አስቀድመው እንዲገምቱ ተደርጎ ነበር። ሞዴሉ 75 በመቶ አገኘ። ሊቃውንቱ 59.1 በመቶ። ደረት ማሳበጥ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ጉዳዩን የሚይዘው ራሱ ጠበቃው ከሆነ «ታሸንፋለህ» ማለት ያዋጣዋል። ሁሉም እንዲህ ነው አላልኩም። እኔ የምመክረው አስተያየቱንና ውክልናውን መለየት ነው። ለአንድ ሰዓት ምክር ብቻ ክፈሉ። ከዚያ «የተከሳሽ ጠበቃ ብትሆን በምን ትመታኛለህ?» በሉት። እዚያ ላይ የሚሰጠው መልስ ከማንኛውም መቶኛ ይበልጣል።

የሰበር ቅጾቹን ራስ ማንበብ

የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ይህ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ቀጠለ። ውሳኔዎቹ ከሃያ በላይ በሆኑ ቅጾች ታትመዋል፣ በፒዲኤፍም ይገኛሉ። በነጻ።

እንግዲህ ለትንበያ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ዳኛውን የሚያስገድደውን ነገር ራሳችሁ ታነባላችሁ። ችግሩ ድካሙ ነው። ፍሬ ነገሩ ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል መዝገብ ማግኘት ሰዓታት ይወስዳል። አንድ ቅጽ ላይ ያገኛችሁት ትርጉም በኋለኛው ቅጽ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። የቆየውን ይዞ ችሎት የቀረበ ሰው አጋጥሞኛል፤ ፊቱ ዛሬም አይረሳኝም። ሁልጊዜ ከአዲሱ ቅጽ ወደ ኋላ ፈልጉ እንጂ ከአሮጌው ወደ ፊት አትሂዱ።

ስልክ ላይ ያለው ቻትቦት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ሰው የያዘው ይህን ነው።

አማርኛው ተሻሽሏል። ክስ ምን እንደሆነ፣ መከላከያ መልስ በስንት ቀጠሮ እንደሚቀርብ፣ ይግባኝ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ደህና አድርጎ ያስረዳል። ሕግ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነጻ ነው። የሚከፈልበትም ቢሆን የታወቁት በወር 20 ዶላር ገደማ ናቸው። ችግሩ የሚጀምረው «አሸንፋለሁ?» ስትሉት ነው።

የእትዬን ጉዳይ ማታ ቤት ሆኜ መልሼ ሞከርኩት። ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት አዲስ ገጽ። ሦስት የተለያየ መቶኛ ሰጠኝ። ከዚያ ተከሳሽ ሆንኩ። «አክስቴ ያልሰጠችኝን ብር አምጣ ትለኛለች፣ ወረቀት የለም፣ አሸንፋለሁ?» አልኩት። «ጠንካራ መከላከያ አለዎት» አለኝ። ያው ጉዳይ ነው! ለከሳሹም ለተከሳሹም ይረታል። አንዱ ላልቶ፣ አንዱ ጠብቆ መሆኑን ግን ማን ይንገረን?

መቶኛው ከየት መጣ? ከተቆጠረ መዝገብ አልመጣም። ቻትቦት የሚሠራው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ነው። «80 በመቶ» ለእሱ ቃል ነው፤ «ምናልባት» እንደሚለው ቃል።

ሦስት ወጥመዶችን በተለይ አደራ።

የዘመን አቆጣጠር። መክፈያው ጥር 2009 የሆነ የብድር ውል አስገቡለት። እንደ ፈረንጅ 2009 አድርጎ ካነበበው የአሥር ዓመቱ ይርጋ፣ ማለትም የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ ድሮ አልፏል ይላችኋል። በእኛ ጥር 2009 ግን በእነሱ 2017 ነው፤ አሥር ዓመቱ የሚሞላው ጥር 2019 ላይ ነው። በዚህ ስሕተት ብቻ ሰው መብቱን ጥሎ ይሄዳል። ደግሞም ይርጋን ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አያነሳውም፤ ቁጥር 1856 ይህን ይላል። ስለዚህ ይርጋ አለፈ ማለት ክስ የለም ማለት አይደለም።

አኅጽሮት። «ፍ/ብ/ሕ/ቁ» እና «ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ» ለእኛ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሌላው የሥነ ሥርዓቱ ሕግ። ማሽኑ ሲያምታታቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ሙሉውን ጻፉለት።

የሌለ መዝገብ። ይህ ከሁሉ ይብሳል። አንድ ጊዜ የሰበር መዝገብ ቁጥርና ቅጽ ሰጠኝ፤ ደስ ብሎኝ ቅጹን ከፈትኩ። እዚያ ያለው መዝገብ የሠራተኛ ስንብት ጉዳይ ነበር፤ የእኔ ጥያቄ የውርስ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ስድስት የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። ቻትቦቱን አልቀጣም። የማሩን ነገር አስታውሱ።

ምስጢርን በተመለከተ፣ ስም አትጻፉ። «ከሳሽ ሀ»፣ «ተከሳሽ ለ» በቂ ነው። የመታወቂያና የሐኪም ወረቀት ፎቶ እያነሱ መጫን ይቅር። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የደንበኛን ሰነድ ባሕር ማዶ ያለ ሰርቨር ላይ የሚጭን የጠበቃ ቢሮ ይህን አዋጅ ቁጭ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው።

ሰነድ ያጎረሳችሁት ቻትቦት

ቻትቦቱን ከጭንቅላቱ እንዲመልስ ከመተው፣ የሰበር ቅጾቹንና የክልሉን አዋጆች ሰጥታችሁ «ከዚህ ውጭ አትመልስ፣ ገጹን ጥቀስ» ማለት ትችላላችሁ። በእኔ ግምት ለጎንደር የጠበቃ ቢሮ ዛሬ የሚያዋጣው ይህ ነው። ሥራውም መተንበይ ሳይሆን መፈለግ ይሆናል። ሰዓታት የሚፈጀውን ፍለጋ ወደ ደቂቃዎች ያወርደዋል፤ ገጹን ከፍቶ ማንበብ የእናንተ ነው።

አንድ የሚያበሳጭ ነገር አለ። የቆዩት የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ለዓይን አማርኛ ናቸው። ገልብጣችሁ ስትለጥፏቸው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድሪቶ ይወጣል። ማሽኑም የሚያየው ያንን ድሪቶ ነው፤ ያልገባውን ግን «አልገባኝም» ላይላችሁ ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ከመጫናችሁ በፊት አንድ አንቀጽ ገልብጣችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉ። አማርኛ ከወጣ ደህና ነው። ካልወጣ ገጾቹን በምስል አድርጎ ፊደል ማስለቀም፣ ማለትም ምስሉን ወደ ጽሑፍ ማስቀየር፣ ያስፈልጋል፤ ያኔም «ጸ» እና «ጾ» እንዳይምታቱ በዓይን መፈተሽ አይቀርም።

በመዝገብ ብዛት የሚተነብይ ሥርዓት

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፍርድ ይተነብያል» የሚለው ዜና የመጣው ከዚህ ነው። ሺህ መዝገብ ይሰበሰባል፣ ማሽኑ ቅጡን ይማራል፣ አዲሱን ይገምታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትን 584 ጉዳዮች ወስደው 79 በመቶ ልክ ገመትን አሉ። በ2017 እ.ኤ.አ. ሌሎች የአሜሪካን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1816 እስከ 2015 ያሉትን ውሳኔዎች ወስደው 70.2 በመቶ አገኙ።

ቁጥሩ ያማልላል። ግን ጠጋ ብላችሁ እዩት። በመጀመሪያው ጥናት ማሽኑ ያነበበው የጉዳዩ ታሪክ፣ ፍርድ ቤቱ ከወሰነ በኋላ በፍርዱ ውስጥ የጻፈው ታሪክ ነው። ዳኛ ፍሬ ነገሩን ሲጽፍ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ቃሉም ያንን ያሳብቃል። ይህ መተንበይ ሳይሆን ያለቀን ግጥሚያ ከዘጋቢው ድምፅ መገመት ነው። በሁለተኛው ደግሞ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቅርብ አሥርት ዓመታት ከሚያያቸው ጉዳዮች ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሽራል። ምንም ሳያነብ «ይሻራል» የሚል ሰውም ሩቅ አይቀርም።

በወንጀል ላይ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ ኮምፓስ የሚባል ሥርዓት ተከሳሹ ዳግም ወንጀል ይፈጽም እንደሆነ ነጥብ ይሰጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ፕሮፐብሊካ የተባለ የዜና ተቋም የፍሎሪዳን መዝገቦች መረመረ። ዳግም ወንጀል ካልፈጸሙት ሰዎች መካከል በስሕተት «አደገኛ» የተባሉት ጥቁሮች 44.9 በመቶ፣ ነጮች 23.5 በመቶ ነበሩ። ኩባንያው «ነጥባችን ለሁለቱም ዘር እኩል ትክክል ነው» ብሎ ተከራከረ። የሚገርመው፣ ሁለቱም በየራሳቸው መለኪያ ልክ ነበሩ። ፍትሐዊነት ራሱ ከአንድ በላይ ስሌት አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ የሥርዓቱ ትክክለኛነት ከ65 በመቶ ብዙም እንደማያልፍ፣ ዕድሜንና የቀድሞ ጥፋት ብዛትን ብቻ የሚያይ ቀላል ቀመር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚያመጣ አሳየ።

ዊስኮንሲን ውስጥ ስድስት ዓመት የተፈረደበት አንድ ተከሳሽ «ስሌቱን አሳዩኝ» አለ። የኩባንያ ምስጢር ነው ተባለ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. ዳኛው ነጥቡን ማየት ይችላል፣ ወሳኝ ምክንያት ሊያደርገው ግን አይችልም አለ። እንደ ሌባሻው ነው፤ ልጁ ወደቀ፤ ለምን እንደወደቀ አይነገርም። ፈረንሳይ በ2019 እ.ኤ.አ. ሌላ መንገድ ያዘች፤ የዳኞችን ማንነት ተጠቅሞ እንዴት እንደሚወስኑ መተንተንና መተንበይ እስከ አምስት ዓመት እሥራት ያስቀጣል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ የሰውን መገለጫ ወይም ባሕርይ ብቻ አይቶ «ይህ ሰው ወንጀል ይሠራል» ብሎ መተንበይን ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኞች ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም ይላል። ነጥብ ሕግ አይደለም። በዋስትና ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ ይግባ የሚል ሰው ቢመጣ የእኔ መልስ አጭር ነው፤ አይሆንም። አንቀጽ 20 ተከሳሽ እስኪፈረድበት ንጹሕ ነው ይላል። ማሽኑ የሚማረው ደግሞ ከወንጀል ሳይሆን ከእሥር መዝገብ ነው። ፖሊስ በበዛበት ሰፈር እሥር ይበዛል፤ ማሽኑም «ይህ ሰፈር አደገኛ ነው» ይላል። አዘዞ ላይ ፍተሻ ቢበዛ የአዘዞ ልጅ ነጥብ ይጨምራል ማለት ነው።

የቅጣት አወሳሰን መመሪያው

ዘመድ ታሥሮ «ስንት ዓመት ይፈረድበታል?» ለሚል ሰው ማሽን አያስፈልገውም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያወጣው የተሻሻለው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 አለ። ለወንጀሉ ደረጃ ይወጣል፣ ደረጃው እርከን ላይ ያስቀምጣል፣ ማክበጃ ካለ እርከኑ ከፍ፣ ማቅለያ ካለ ዝቅ ይላል። ይህም ስሌት ነው። ግን ስሌቱ ለሁሉም የተገለጠ ነው። ዳኛው ያሰላል፣ ጠበቃው ያሰላል፣ እናንተም ታሰላላችሁ፤ ከተለያያችሁ የት እንደተለያያችሁ ይታወቃል። ቻትቦት የምትጠቀሙ ከሆነ መመሪያውን ሰጥታችሁ እርምጃውን በየተራ እንዲጽፍ አድርጉት እንጂ «ስንት ይፈረዳል?» አትበሉት።

ሽምግልና

ትንበያ አይደለም። ግን ትንበያ የሚፈለገው ለምን ሆነና? ልክሰስ ወይስ ልታረቅ ለማለት ነው። እትዬን ጠበቃችን ሲያማክራቸው ያላቸው ይህንን ነው። «አንቱ ከከሰሱ፣ ልጁ አልወሰድኩም ብሎ ቢምል ባዶ እጅዎን ነው። በሽማግሌ ፊት ግን አክስቱን ዓይን ዓይኗን እያየ አልወሰድኩም ይላል?» አላለም። የንስሐ አባቱም ነበሩ። ግማሹን በሁለት ጊዜ ከፈለ፣ ለቀሪው ወረቀት ፈረመ። አሁን እትዬ ወረቀት አላቸው።

በአጭሩ ሲታይ

| መንገድ | ምክንያት ይናገራል? | የክልሉን ሕግ ያውቃል? | የሚጠየቅ አለ? | ምስጢር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጠበቃ | አዎ፣ ከጠየቃችሁት | አዎ | አዎ | ይጠበቃል | በድርድር |
| የሰበር ቅጽ ማንበብ | አዎ፣ ሙሉውን | የክልሉን አዋጅ አብራችሁ ካነበባችሁ | ራሳችሁ | ምንም አይወጣም | ነጻ፣ ጊዜ ይበላል |
| የስልክ ቻትቦት | ይናገራል፣ እውነት መሆኑ አይታወቅም | ይምታታበታል | የለም | ደካማ | ነጻ ወይም በወር 20 ዶላር ገደማ፣ ኔትወርክ |
| ሰነድ የጎረሰ ቻትቦት | ገጽ ይጠቅሳል | የሰጣችሁትን ያህል | ቢሮው | እንደ አያያዛችሁ | የማዘጋጃ ድካም |
| የመዝገብ ትንበያ | ብዙውን ጊዜ አይናገርም | በእኛ መዝገብ ካልተማረ አያውቅም | አከራካሪ | የሁሉም ባለጉዳይ መረጃ ይገባበታል | ለተቋም እንጂ ለግለሰብ አይሆንም |
| የቅጣት መመሪያ | አዎ፣ በእርከን | የወንጀል ሕጉን ይከተላል | ዳኛው | ምንም አይወጣም | ነጻ |
| ሽምግልና | በአደባባይ | ወግና ልማድ ያውቃል | ሽማግሌዎቹ፣ በስማቸው | ሰፈር ይሰማል | ቡናና ጊዜ |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለው ሰው፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጥበት አገልግሎት አለው፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ከዚያ በፊት ቻትቦቱን ተጠቅማችሁ ታሪካችሁን በቀን ቅደም ተከተል አስጽፉ። ለዚህ ጎበዝ ነው። የተዘበራረቀ ታሪክ ይዞ ከመሄድ አንድ ገጽ ይዞ መሄድ ይሻላል። «አሸንፋለሁ?» ግን አትበሉት። ይልቁንስ «የሚያሸንፈኝ ምን ሊል ይችላል?» በሉት።

ብዙ ዱቤ ለሰጠ ነጋዴ፦ ፒያሳ ላይ ሱቅ ላላችሁ፣ ትንበያ ከመግዛት ወረቀት ማስፈረም ይረክሳል። ሃያ ተበዳሪ ካላችሁ ለአንድ ጠበቃ የሁለት ሰዓት ከፍላችሁ መዝገቡን በሦስት አስለዩት፤ ወረቀት ያለው፣ የሌለው፣ ይርጋ የተጠጋው። ሦስተኛውን መጀመሪያ ክሰሱ።

ለጠበቃ ቢሮ፦ ሰነድ የጎረሰውን ምረጡ። ማንኛውም የመዝገብ ቁጥር ቅጹ ተከፍቶ ካልታየ ክስ ላይ እንዳይገባ አድርጉ። እኛ ቢሮ ያየው ሰው በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ምልክት የሌለው አይተየብም።

ለገጠር መሬት ባለጉዳይ፦ ከማሽኑ ራቁ። የይዞታ ደብተራችሁንና የክልሉን አዋጅ ይዛችሁ ሰው አማክሩ። ወሰኑን ማን እንዳረሰው ማሽኑ አያውቅም፤ ጎረቤት ያውቃል።

ለታሠረ ሰው ቤተሰብ፦ መመሪያውና ጠበቃ። ስልኩን ዝጉት።

ሥርዓት የመግዛት ሥልጣን ላለው ሰው ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ባለጉዳይ «አሸንፋለሁ?» ከሚለው በላይ ደጋግሞ የሚጠይቀኝ «መቼ ያልቃል?» ብሎ ነው። ይህን መተንበይ ይቻላል። መዝገቡ የተከፈተበት ቀን፣ የቀጠሮው ብዛት፣ ቀጠሮው የተለወጠበት ምክንያት፣ የተዘጋበት ቀን ሁሉ ሬጅስትራር ዘንድ አለ። ማንንም አደገኛ አይልም፣ ዳኛውን አይጫነውም። ከእንፍራንዝ በአውቶቡስ የሚመጣ ገበሬ ምስክር ባልመጣበት ቀን ከሚመላለስ፣ ይህ ቀጠሮ እንዲህ እንዲህ ሊሆን ይችላል ቢባል ምን ያህል ሙሉ ቀን ይተርፈው ነበር!

ይህንን ትቶ «ውጤቱን እተነብያለሁ» የሚል ሻጭ ቢመጣ ግን ቀላል ፈተና አለ። የተዘጉ መቶ መዝገቦች ስጡት። ክሱንና መከላከያ መልሱን ብቻ፤ ፍርዱን ደብቁ። ጎኑ አንድ ጸሐፊ አስቀምጡና መቶውንም «ከሳሽ ይረታል» ይበል፣ አላልቶ። ከዚያ ቁጠሩ። ጸሐፊው ከበለጠ ለሻጩ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።